ሐኪሞች ስለ ስህተታቸው ሲናገሩ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሕክምና ስህተት ነው። ይህ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የቤተሰብን እሮሮ ወይም የፍርድ ቤትን ክርክር ነው። ዛሬ ግን ጆሯችንን ለሐኪሞቹ እንሰጣለን። ስህተት ለምን ይደርሳል ይላሉ? በምን ይከላከሉታል? ከደረሰ በኋላስ ምን ይሻላል ብለው ያምናሉ? የእኛ ነው ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በ1984 ዴቪድ ሂልፊከር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ዶክተር ሂልፊከር በሚኒሶታ ግዛት ሰሜናዊ ገጠር ውስጥ ሁሉንም ዓይነት በሽተኛ የሚያዩ ሐኪም ነበሩ። የጻፉት ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ አዲስ ምርመራ አልነበረም። በገዛ እጃቸው ስለሠሩት ስህተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ወደ ክሊኒካቸው መጣች። የቀድሞ ልጇን ያዋለዷት እርሳቸው ናቸው፤ ባልና ሚስቱን በደንብ ያውቋቸዋል። የወር አበባዋ ቀርቷል፣ ማርገዟም ይሰማታል። የሽንት ምርመራው ግን እርግዝና የለም አለ። ከቀናት በኋላ ተደገመ፤ የለም አለ። እንደገና ተደገመ፤ ያው ነው። ሐኪሙ ፅንሱ ሞቶ ማሕፀን ውስጥ ቀርቷል ብለው አሰቡ። ቁርጡን ሊነግራቸው የሚችለው አልትራሳውንድ ነበር። አልትራሳውንዱ ግን ያለው ዱሉዝ ከተማ፣ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ዋጋውም ለዚያ ቤተሰብ ከባድ ነበር። ሐኪሙ ወጪውን ሊያድኗቸው ብለው በሽንት ምርመራው ተማመኑ። ጥቂት ሳምንታት ጠብቀው ማሕፀኗን ጠረጉ። በዚያን ጊዜ እጃቸው ላይ የወጣው የሞተ ፅንስ አይመስልም ነበር። ኋላ የመጣው የፓቶሎጂ ውጤትም የፈሩትን አረጋገጠ። ፅንሱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበር።

እስቲ ይህን ታሪክ ቀስ ብለን እንየው። ሰክሮ የገባ ሐኪም የለበትም። ገንዘብ የፈለገም፣ በሽተኛዋን የናቀም የለበትም። ያለው ደጋግሞ የዋሸ ምርመራ ነው፤ ሩቅ የሆነ መሣሪያ ነው፤ ኪስን የሚጎዳ ዋጋ ነው። በዚህ ላይ ሐኪሙ አንድ ጊዜ «ሞቷል» ብለው ከወሰኑ በኋላ ሐሳባቸውን የሚያናውጥ ነገር አልፈለጉም። በእኛ አገር በኢትዮጵያ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ሐኪም ይህን ሲሰማ ሌላ አገር የሆነ ነገር አይመስለውም። በሽተኛውን ወደ ክልል ከተማ ሪፈር ልጻፍለት ወይስ እዚሁ ባለኝ ልሥራ? ሲቲ ስካን ልዘዝለት ብል በሬውን ሸጦ ነው የሚሄደው። ይህን በየዕለቱ የሚያሰላስል ብዙ ሐኪም አለን።

ዶክተር ሂልፊከር ለባልና ሚስቱ እውነቱን ነገሯቸው። በጽሑፋቸው ከሁሉ አብልጠው ያማረሩት ግን ሌላ ነገር ነው። የሕክምና ሙያ ለስህተት ቦታ የለውም ይላሉ። ሐኪም ሲሠለጥን እንዴት እንደሚያክም ይማራል፤ ሲሳሳት ግን ለማን እንደሚናገር፣ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ሸክሙንስ የት እንደሚያራግፍ የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ ይደብቀዋል። የአንዱ ሐኪም ስህተት ለሌላው ትምህርት ሳይሆን ይቀራል።

ከእርሳቸው በፊት ይህን ዝምታ ለመስበር የሞከረ ሰው ነበር። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን በ1911 የራሳቸውን ትንሽ ሆስፒታል ከፍተው፣ እስከ 1916 ድረስ ታክመው የወጡ 337 በሽተኞችን መዝግበው ያዙ። በእነዚያ ሰዎች ሕክምና ውስጥ 123 ስህተቶች አግኝተው አሳተሟቸው። ሌሎች ሆስፒታሎችም የራሳቸውን እንዲያሳትሙ ወተወቱ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ሸሿቸው። ሐሳባቸው ተገቢውን ክብር ያገኘው እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዓለም ጉዳዩን በቁም ነገር የያዘው በ1999 መጨረሻ ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ሪፖርት፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ውስጥ በየዓመቱ ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰዎች መከላከል በሚቻል ስህተት እንደሚሞቱ ገመተ። የቁጥሩን ትክክለኛነት ብዙ ሐኪሞች ተከራክረውበታል፤ እስከ ዛሬም ክርክሩ አልተዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ወቅት ከሚደርስ ጉዳት የተነሳ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። እኛም ከእነዚህ አገሮች መካከል ነን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ሐኪሞች ምክንያቱ ምንድን ነው ይላሉ?

በ2002 በዚያው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ 831 ሐኪሞችና 1,207 ተራ ዜጎች ተመሳሳይ ጥያቄ ተጠየቁ። በራሳችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ላይ የሕክምና ስህተት ደርሶ ያውቃል ወይ ሲባሉ፣ ከሕዝቡ 42 በመቶ አዎን አለ። ከሐኪሞቹስ? 35 በመቶ። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ሐኪሙም ሲታመም ታካሚ ነው፤ እናቱንና ልጁን ሆስፒታል ይዞ የሚሄድ አስታማሚ ነው። ስህተቱ እሱንም አይምረውም።

ስለ መነሻው ሲጠየቁ ሐኪሞቹ ከሁሉ በላይ የጠቀሱት ሁለት ነገር ነው፤ የነርሶች ማነስ፣ እንዲሁም ድካምና የሥራ ጫና። ግማሽ ያህሉ ይህን አሉ። ሕዝቡ በበኩሉ አስቀድሞ ያነሳው ሐኪሙ ከታካሚው ጋር በቂ ጊዜ አለማሳለፉን ነው። እኔ ሁለቱ መልሶች የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ናቸው ባይ ነኝ። ከሐኪሙ ወገን ሲታይ የሰው ኃይል እጥረት የሆነው ነገር፣ ካርዱን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ለጠበቀው ታካሚ የሦስት ደቂቃ ምርመራ ሆኖ ይታየዋል።

ስለ ድካም ጥቂት እንቆይ። በ1984 በኒው ዮርክ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ትኩሳት ይዟት ማታ ሆስፒታል ገባች። የተቀበሏት በሥልጠና ላይ የነበሩ ተረኛ ሐኪሞች ነበሩ። አንደኛዋ ሐኪም በዚያች ሌሊት ሌሎች ብዙ አልጋዎችንም ትጠብቅ ነበር። ወጣቷ ቀድሞ የድብርት መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ የታዘዘላት የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ከዚያ መድኃኒት ጋር የማይስማማ ነበር። ሊነጋ ሲል ትኩሳቷ እጅግ ከፍ ብሎ ሞተች። ጋዜጠኛ የነበሩት አባቷ ዝም አላሉም። ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 ሠልጣኝ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይም ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ደነገገ። በ2003 የ80 ሰዓቱ ገደብ በመላው አሜሪካ ተግባራዊ ሆነ። በ2004 የታተመ አንድ ጥናትም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርን የሚባሉ ጀማሪ ሠልጣኝ ሐኪሞች 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ሲሠሩ፣ አጠር ባለው ፈረቃ ከሚሠሩበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደሚፈጽሙ አሳየ።

በአገራችን ትልልቅ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም፣ ጠዋት ሞርኒንግ ገብቶ ያደሩትን በሽተኞች ያቀርባል፤ ከዚያ ራውንድ ይወጣል፤ ከሰዓትም የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል፣ ኦፒዲ፣ ሊጠብቀው ይችላል። ዓይኑ እየተከደነ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ሰው ልጄን ሲያክምልኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ጥፋቱ ግን የሰውየው ነው ብዬ አላምንም። እንቅልፍን በቆራጥነት ማሸነፍ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚህ ላይ አንድ ድምፅ አይደሉም። የሥራ ሰዓቱ ሲያጥር በሽተኛው በቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ጊዜ ይበዛል። እያንዳንዱ ርክክብ ደግሞ ነገር የሚጠፋበት ቀዳዳ ነው። «የደም ውጤቱ ማታ ይመጣል፣ ፖታሲየሙን እየው» ሳይባል ቀርቶ ተረኛው ሳያየው ያድራል። በ2016 በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ሰዓቱን ላላ ባደረጉትና ባጠበቁት ሆስፒታሎች መካከል በበሽተኞች ሞትና ጉዳት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ሰዓት መቀነስ ብቻውን አይበቃም፣ ርክክቡም ሥርዓት ይያዝ ይላሉ። በ2014 የታተመ ጥናት ይህን ይደግፋል። በ9 የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ርክክባቸውን በአንድ ወጥ ቅደም ተከተል እንዲያደርጉ ሠለጠኑ፤ በሽተኛው ምን ያህል ታሟል፣ ታሪኩ ምንድን ነው፣ ምን ይሠራለት፣ እንዲህ ቢሆን ምን ይደረግ፤ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ስህተቱ በ23 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ማሽን አልተገዛም።

ሌላው ሐኪሞች አዘውትረው የሚያነሱት የመድኃኒት ስህተት ነው። ሄፓሪን የሚባል የደም መርጋት መከላከያ አለ። ለጨቅላ ሕፃናት የመርፌ መስመር ማጠቢያ የሚሆነው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ያለው ነው። ለአዋቂ ሕክምና የሚሆነው 10 ሺህ ዩኒት አለው። ብልቃጦቹ ግን ተመሳሳይ መጠን ያላቸው፣ መለያቸውም በሰማያዊ ቀለም የተሠራ ነበር። በ2006 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ይህ ተምታቶ ሦስት ጨቅላዎች ሞቱ። በ2007 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የታዋቂው የፊልም ተዋናይ የዴኒስ ኩዌድ መንትዮች ያንኑ ስህተት ቀምሰው በብዙ ትግል ተረፉ።

መድኃኒቱን የሰጠችው ነርስ መለያውን ለምን አላነበበችም? ብለን መጠየቃችን አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማንበብ ነበረባት። ሐኪሞቹና ፋርማሲስቶቹ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስከትላሉ፤ የአዋቂው ብልቃጥ ከጨቅላው ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ሳይቀጥን በደም ሥር ቢሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ልብን የሚያቆመው የፖታሲየም ክሎራይድ ብልቃጥም እንዲሁ ነው። ሰዎችን «ተጠንቀቁ» እያሉ ለዓመታት ሲመክሩ ሞቱ አላባራ ሲል፣ በብዙ አገሮች ብልቃጡን ከዋርድ መደርደሪያ አንስተው ፋርማሲ ውስጥ ቆለፉበት። ካልተገኘ አይሳሳቱበትም።

ሦስተኛው ነገር የማሰብ ስህተት ነው፤ ይህ ለእኛ አገር አድማጭ በጣም ቅርብ ነው። በ2005 አሜሪካውያን ሐኪሞች 100 የተሳሳቱ የበሽታ ልየታዎችን አንድ በአንድ መርምረው ነበር። በብዛት ያገኙት ችግር የእውቀት ማነስ አልነበረም። ሐኪሙ የመጀመሪያው የሚመስል ምክንያት ሲገኝ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው፤ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ አለመጠየቁ።

በአገራችን ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ ስንቱ ነው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የሚወጣው? ወረቀቱን ይዞ በኩራት የሚያሳይ ዘመድ ያልገጠመው ሰው ጥቂት ነው። የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመነጨውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ከዚህ ቀደም ታይፎይድ የያዘው ሰው፣ ክትባቱን የወሰደ ሰው፣ አልፎ ተርፎ ሌላ በሽታ የያዘው ሰው ጭምር አዎንታዊ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ የተገኘ ውጤት በራሱ ማረጋገጫ አይሆንም። ይበልጥ አስተማማኙ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ በየክሊኒኩ አይገኝም፣ ቀናትም ይወስዳል። እናም ታካሚው በታይፎይድ ስም አንቲባዮቲክ ይውጣል፤ የታመመው በወባ ወይም በሳምባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ይህ ማንም ሰው ፍርድ ቤት የማይሄድበት፣ ጋዜጣም የማይጽፈው የሕክምና ስህተት ነው። በብዛቱ ግን ከሁሉ የሚብሰው እሱ ይመስለኛል።

እስካሁን ስለ ምክንያቶቹ አወራን። መከላከሉስ?

ሐኪሞች አብዝተው በምሳሌነት የሚያነሱት የማደንዘዣ ሕክምናን ነው። በ1970ዎቹ ጄፍሪ ኩፐር የተባሉ መሐንዲስ በቦስተን የማደንዘዣ ባለሙያዎችን እየዞሩ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፤ ሊያመልጣችሁ ሲል ለጥቂት የተረፋችሁበትን ንገሩኝ። ባለሙያዎቹ ተናገሩ። የመተንፈሻው ቱቦ ሳይታወቅ ይነቀላል። የጋዙ መቆጣጠሪያ ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ በአንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጨምረው በሌላው ይቀንሳል። እነዚህ ነገሮች ተለቅመው ማሽኖቹ ተስተካከሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሃርቫርድ ሆስፒታሎች ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው አተነፋፈስና የደም ዝውውር ያለማቋረጥ እንዲታይ መመሪያ አወጡ። በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትርም ተስፋፋ። በበለጸጉት አገሮች በማደንዘዣ ምክንያት መሞት ዛሬ እጅግ ብርቅ ነው። የሰዎቹ ጠባይ አልተለወጠም። ስህተታቸውን ሳይፈሩ መናገር በመቻላቸው መሣሪያውና አሠራሩ ተለወጠ።

ሁለተኛው የቀዶ ሕክምናው ቼክሊስት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው፣ ቀዶ ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ የመሩት 19 ነጥብ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በስምንት ከተሞች ተሞከረ። ከነሲያትልና ለንደን ጋር ኒው ዴልሂ፣ አማን፣ ማኒላና የታንዛኒያዋ ኢፋካራም ነበሩበት። በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ከባድ የጤና እክልም ከ11 ወደ 7 በመቶ ቀነሰ።

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ምን ይመስላል መሰላችሁ? ቡድኑ ሦስት ጊዜ ይቆማል። መጀመሪያ ማደንዘዣው ሳይሰጥ በሽተኛው ራሱ ይጠየቃል፤ ሙሉ ስምዎ ማን ነው? ምንዎ ነው የሚሠራው? ቀኝ ነው ግራ? የሚቀደደው ቦታ በቀለም ምልክት መደረጉ ይታያል። የማይስማማው መድኃኒት ካለ ይነገራል። ሁለተኛው ቆዳው ሊቀደድ ሲል ነው። ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ነርሷ። አንቲባዮቲኩ ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ተሰጥቷል ወይ? ይባላል። ሦስተኛው በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ ነው። ጎዙ ይቆጠራል፣ መርፌው ይቆጠራል፣ መሣሪያው ይቆጠራል። ስም መናገሩ ለአንዳንድ አንጋፋ ሐኪሞች የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ስሟን የተናገረች ጀማሪ ነርስ ችግር ስታይ «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ጎድሎኛል» ለማለት አንደበቷ ይፈታል።

ኢትዮጵያ ውስጥም በዚህ መንገድ የተሠራ አለ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም ከአገራችን ሐኪሞች ጋር የጀመረው ሥራ ቼክሊስቱን ከእጅ አስተጣጠብ፣ ከመሣሪያ ንጽሕና፣ ከጨርቁ ጥራት፣ ከአንቲባዮቲክ ሰዓት ጋር አያይዞ ይከታተላል። በአምስት ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2021 በታተመው ውጤት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የቁስል ማመርቀዝ በሲሶ ያህል ቀንሷል። የጨርቅ ቀዳዳን ማየት፣ የማምከኛውን ምልክት ማንበብ፤ እንደዚህ ባለ ተራ በሚመስል ነገር ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን። ስህተቱ ከደረሰ በኋላስ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ሕዝባችን። ለሕክምና ስህተትም ይሠራል። ሐኪሞች የሚፈሩት ግን ብዙ ነው። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሰውን በቸልተኝነት መግደልን ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ፣ ሐኪምን ጨምሮ፣ ቅጣቱን ያከብደዋል። በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ በ2017 አንዲት ነርስ ማረጋጊያ መድኃኒት ልታወጣ በማሽኑ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ስትጽፍ፣ ማሽኑ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ሌላ መድኃኒት ሰጣት። ማስጠንቀቂያዎቹን አልፋ ሰጠችው፤ በሽተኛዋ ሞተች። ነርሷ ስህተቷን ወዲያው አምና ተናገረች። በ2022 ግን በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች። ፍርዱ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ቢሆንም፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ነርሶችና ሐኪሞች የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ ከተናገርክ ትከሰሳለህ።

በ2002ቱ ጥናት ሐኪሞችና ሕዝቡ ፊት ለፊት የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከሐኪሞቹ 86 በመቶ የስህተት ሪፖርት በምስጢር ይያዝ አሉ። ከሕዝቡ 62 በመቶ ደግሞ ለአደባባይ ይውጣ አለ።

ማን ትክክል ነው? እኔ ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል እላለሁ። አንደኛው ለመማር ተብሎ የሚሰበሰበው ሪፖርት ነው። ዴንማርክ በ2004 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ሪፖርት ያደረገ ባለሙያ በሪፖርቱ ምክንያት እንዳይቀጣ ከለላ ሰጠች። ይህ ትክክል ነው፤ ያለ ከለላ የሚናገር አይኖርም። ሁለተኛው ግን የተጎዳው ሰውና የቤተሰቡ መብት ነው። እነርሱ ምን እንደሆነ ሙሉውን ማወቅ አለባቸው፤ እዚህ ላይ ምስጢር የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም። ልጁን የቀበረ አባት «ያጋጥማል» ተብሎ ሲሸኝ ሁለተኛ በደል ነው። ይህን የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲደርስ ራሳቸው ቀድመው ለቤተሰቡ እየነገሩ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ ካሳም እያቀረቡ መሥራት ጀመሩ። ክስ ይጎርፍባችኋል ተብለው ነበር። በ2010 የታተመው ውጤት ግን የፍርድ ቤት ክሶች ከግማሽ በላይ መቀነሳቸውን አሳየ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚከሰው እውነቱን የሚነግረው ሲያጣ ነው።

የተሳሳተው ሐኪምስ? አልበርት ዉ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ2000 በጻፉት ጽሑፍ የመጀመሪያው ተጎጂ ታካሚው ነው፣ ሁለተኛው ተጎጂ ደግሞ ሐኪሙ ነው አሉ። እንቅልፍ ያጣል፣ በራሱ ላይ እምነት ያጣል፣ ሙያውን የሚተውም አለ። ይህን ሳነሳ የታካሚውን ሐዘን ለማሳነስ አይደለም። የተሰበረ ሐኪም ነገ ሌላ በሽተኛ ፊት ስለሚቀመጥ ነው። በሌላ በኩል ሆን ብሎ ያጠፋ፣ ጠጥቶ ገብቶ ያከመ፣ መዝገብ የሰረዘና የለወጠ ሰው ከዚህ ሁሉ ርኅራኄ ውጭ ነው። እሱን ሕግ ይየው።

ከመሰናበታችን በፊት ሐኪሞች እናንተን አድማጮችን ምን እንደሚለምኗችሁ ልንገራችሁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነካርቶኑ፣ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒትም ወስዳችሁ ከሆነ አትደብቁ፤ በሊቢ ዛየን ላይ እንደደረሰው አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት አንድ ጊዜ አሳክኳችሁ ወይም አሳብጧችሁ ከነበር ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ካርዱ ላይ እንዲጻፍም አሳስቡ። በአገራችን ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዋርድ መተኛታቸው ብርቅ አይደለምና፣ ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ እስከ አያት ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ተናገሩ። «ሲስተር፣ ይሄ ምንድን ነው? ለምን ነው?» ማለት ነውር አይደለም። አስታማሚም ብትሆኑ እንደዚያው። ላብራቶሪ የሰጣችሁትን ናሙና ውጤት ካልሰማችሁ ደህና ነው ማለት ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግራችሁ ደግሞ «ሌላ ነገርስ ሊሆን ይችላል? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?» በሉት።

ስህተት ደርሷል ብላችሁ ካመናችሁ መጀመሪያ ያከማችሁን ሐኪም ወይም የክፍሉን ኃላፊ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሕክምና መረጃችሁ እንዲሰጣችሁም በጽሑፍ አመልክቱ። ከዚያ የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ አለ። እዚያ መልስ ካጣችሁ በክልልም በፌዴራልም ደረጃ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ይቀበላል። ቀኑን፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ ማን ምን እንዳላችሁ ሳይረሳ በዚያው ሰሞን ጻፉት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ መድኃኒት አለርጂ ምልክቶችና በቤት ውስጥ መጀመሪያ ስለሚደረገው ነገር እንነጋገራለን።